አሸዋው የሚወጣበት ሰዓት

ዛንዚባርን ያየነው በአስጎብኚ ድርጅት አይደለም፤ በእኔ ነው። ልጃችን የአውሮፕላን ትኬቱን ከቆረጠችልን በኋላ አየር ማረፊያ የሚቀበለን፣ በመኪና የሚያዞረን፣ ምሳ የት እንደምንበላ ሳይቀር የሚወስንልን ድርጅት ልትይዝ ነበር። አይሆንም አልኳት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሜክሲኮና በካዛንቺስ መካከል ሚኒባስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሕዝቡን ሁሉ ወደሚፈልግበት ሳደርስ ኖሬ ራሴን ማድረስ ያቅተኛል? ፊደል የለየሁት ከመኪና ታርጋና ከሱቅ ማስታወቂያ ነው። እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ከተሳፋሪ ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። ሞተር መፍታትና መግጠም ማንም አላሳየኝም፤ ራሴ ፈታሁ፣ ራሴ ገጠምኩ። ካርታ ማንበብ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ወረቀት ላይ ያለ መንገድ ዝም ብሎ ይቆምልሃል። የካዛንቺስን መንገድ ግን ሁለት ሳምንት ታመህ ከተኛህ ስትነሣ አታገኘውም፤ ወይ ሰፍቷል፣ ወይ ሌላ ቦታ ሄዷል።

ጉዞው በእውነቱ የባለቤቴ ነበር። ሚኒባስ ከመያዜ በፊት፣ በወጣትነቴ፣ በከባድ መኪና ረዳትነት አሰብ ድረስ ተመላልሻለሁ። ስለዚህ ባሕርን አውቀዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ባሕር አውርቼላት አልጠገብኩም፤ እሷ ግን አንድም ቀን አላየችውም። መጀመሪያ ልጆች መጡ፣ ቀጥሎ ጦርነት መጣ፣ በመጨረሻ ባሕሩ ራሱ የሌላ አገር ሆነ። አንድ እሑድ ልጃችን በስልኳ ፎቶ አሳየቻት። ዙሪያው ሁሉ ውኃ ነው፤ መሐሉ ላይ ነጭ አሸዋ ወጥቷል፤ አሸዋው ላይ ሰዎች ቆመዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ ብሎ ተመልሶ የሚሰጥም አሸዋ መሆኑን ልጅቷ ነገረቻት። ባለቤቴ ስልኩን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የባሕርን ነገር ከአንተ አፍ ስሰማ አረጀሁ» አለች። «እዚህ ላይ ቆሜ ራሴ ልየው።»

ከዚህ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። የቀረው ዕቅድ በሙሉ የእኔ ነው፤ አሸዋው ግን የእሷ ነበር። ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ስንወጣ ክንዴን የምትይዝበት አያያዝ ከዓመት ዓመት እየጠበቀ መጥቷል። ለከርሞ የሚያድር ጉዳይ እንዳልነበረ ሁለታችንም ሳንነጋገር ገብቶናል።

ሥራውን በካርታ ጀመርኩ። ኡራኤል አካባቢ ያለ የፎቶ ኮፒ ቤት ደሴቲቱን በአራት ወረቀት አተመልኝ፤ በፕላስተር ገጣጥሜ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋሁት። እስክንሄድ ድረስ ሳህናችንን የምናስቀምጠው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነበር። ከተማውን፣ አየር ማረፊያውን፣ የቅመም እርሻውን፣ ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ በልዩ ልዩ ቀለም አሰመርኩ። ቁጥራቸውንም ከስልክ ላይ አጠናሁ፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ። የሕዝብ ማመላለሻቸው ዳላዳላ እንደሚባልም ደረስኩበት። ፎቶውን ሳይ ሳቄ መጣ፤ የገዛ ሚኒባሴ ነው። ያው ጎማ፣ ያው የተጠጋጋ ወንበር፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራ ረዳት። በዚያች ቀን ደሴቲቱን ግማሽ በግማሽ እንዳየኋት ቆጠርኩት።

ማኪያቶ የምንጠጣበት ካፌ ሄጄ ለጡረተኛ ጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንደኛው፣ ክፍለ ከተማ ጸሐፊ የነበረው፣ ደሴት ከሆነ የፈለግኸው ጣና ላይ ሞልቶ የለም ወይ አለኝ። ሌላው ከስኒው ቀና ሳይል፣ «እሱ የሚያውቀው ደሴት አስፋልት መሐል ያለውን ነው፤ እሱም ላይ ጎማ እየሰቀለ ነው የኖረው» አለ። ሲስቁ ጠበቅኋቸው። እናንተ ማኪያቶ ጠጡ፣ እኔ ስመለስ አስተምራችኋለሁ ብያቸው ወጣሁ።

ልምምድም አድርገናል። ያለ ልምምድ የሚሆን ነገር የለም። ሻንጣዎቹን ሞልቼ ባለቤቴን አስከትዬ በሚኒባስ ከካዛንቺስ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ቦሌ ድረስ ሄድን፤ የአየር ማረፊያው በር ላይ ደርሰን ተመለስን። የሻንጣው ክብደት፣ የታክሲው ወረፋ፣ የእሷ ጉልበት፣ ሁሉም ተለካ። ያላሰብኩት ጎረቤቱን ነው። ሰፈራችን ግማሹ ለልማት ፈርሶ፣ የቀረነው ደግሞ ተራችን መቼ ይሆን እያልን ነበር። ሻንጣ ተሸክመን ስንወጣ ያየችን ባለ ሱቋ ጎረቤታችን ነገሩን ጨርሳ አወራችው። ስንመለስ በራችን ላይ ሰው ቆሟል። ሁለት ጎረምሶች ቁም ሳጥናችንን ለማውጣት እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ ባለ ሱቋ ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ሳትነግሩን?» አለቻት ባለቤቴን።

ባለቤቴ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ትንፋሽ ወሰደች። «የእኛ አልፈረሰም» አለች። «እሱ መሄድ እየተለማመደ ነው።»

ለዚህ ነገር ለብዙ ቀን ሳቁብኝ። እኔ ግን መንገዱ ምን ያህል እንደሚወስድ አወቅሁ፤ እነሱ አላወቁም።

ልጃችን ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት አንድ ነገር አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። «አባዬ፣ እዚያ ሁሉም ነገር በፈረንጅ ሰዓት ነው። በእኛ ቆጥረህ አውሮፕላን እንዳያመልጥህ» አለችኝ። ስድስት መደመር ስድስት መቀነስ ለእኔ ምንም አይደለም። ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ በቃሌ እስክወጣው ድረስ አመላለስኩት። ሰባት ሲሉ የእኛ አንድ፣ ሦስት ሲሉ የእኛ ዘጠኝ። ደሴቲቱ ላይ ስንደርስ አየር ማረፊያው ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት፣ የሆቴሉ የቁርስ ሰዓት፣ ሁሉም ልጅቷ እንዳለችው ሆነ። ባለቤቴን ምንም አታስቢ፣ ሰዓቱን ለእኔ ተይው አልኳት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት አድርጌ ልግለጸው። በማለዳ ተነሥቼ ከመስኮቱ ባሕሩን አየዋለሁ፣ ባለቤቴን እቀሰቅሳታለሁ፣ ካርታዬን ብብቴ ውስጥ አድርጌ እንወጣለን። የድሮው ከተማ መንገዶች ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ትልልቅ የተቀረጹ በሮች፣ በየደጁ ሰው የሚቀመጥበት የድንጋይ መደብ። ሌላው ጎብኚ እዚያ ውስጥ ገብቶ እንደ ጠፋ በግ ሲዞር እኔ የባሕሩን ንፋስ በጉንጬ እየለካሁ ቀጥ ብዬ እወጣ ነበር። ባለቤቴ አንዴ ብቻ፣ ይኼን በር ቅድምም አይተነዋል አለች። በሩ ተመሳሳይ ነው፣ ያው አይደለም አልኳት።

ዳላዳላው ግን የእኔ ቤት ነበር። ገበያው ዳር ካለው መናኸሪያ ተሳፍረን ወደ ቅመም እርሻ ስንሄድ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ፍሪሲዮን ላይ እግሩን አሳርፎ ይነዳል። ልታቃጥለው ነው ብዬ በእጄ አሳየሁት፤ በመስታወት አይቶኝ ሳቀና እግሩን አነሣ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ ባባ፣ አባት እንደማለት፣ ነበር የሚለኝ። ሌሎቹ ጎብኚዎች አየር በሚያቀዘቅዝ መኪና መስታወት ዘግተው ሲያልፉን እኛ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን፣ የአንዷ ዶሮ የባለቤቴ እግር ሥር ተቀምጣ፣ ንፋስ እየመታን እንበራለን። ባለቤቴ የዶሮዋን ባለቤት በአማርኛ ዋጋ ጠየቀቻት፤ ሴትዮዋ በራሷ ቋንቋ መለሰች፤ ሁለቱም የተግባቡ መሰሉ። እርሻው ላይ ደግሞ የቅርንፉድ ዛፍ አሳዩን። ዕድሜዋን ሙሉ ከገበያ እየገዛች ለቅመም የተጠቀመችበት ነገር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ስታየው ቅርንጫፉን ወደ አፍንጫዋ ሳበችና፣ «ለካ አንተ እዚህ ነህ» አለችው። እንዲህ ስትጫወት አይቻት አላውቅም።

አሸዋውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ከከተማው የሚነሡ ትልልቅ ጀልባዎች ነበሩ፤ ባለቤቴ ግን ገና ከወደቡ የሚሳፈሩትን ወጣቶች አይታ፣ ጡት መያዣ ብቻ ለብሰው ከሚዘፍኑ ልጆች ጋር አልሄድም አለች። ስለዚህ ካርታዬን ዘረጋሁ። በስተደቡብ መንገዱ የሚያልቅበት የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ነጠብጣብ ይታያል። ነጠብጣብ ማለት አሸዋ ነው አልኩና በዳላዳላ ወረድን። እውነትም ነበር። የዓሣ መረቡን ሲጠግን ያገኘነው ሽበታም ባለ ጀልባ እንግሊዝኛው ከእጅ ጣት አያልፍም፤ ነገር ግን መዳፉን ዝቅ እያደረገ ውኃው እንደሚሸሽ፣ ሌላውን መዳፉን ከፍ እያደረገ አሸዋው እንደሚወጣ አሳየን። ነገ ይወስደናል። ስንት ሰዓት አልኩት። «ሳአ ታቱ» አለና ሦስት ጣቱን አቆመ።

ታቱን ያለ አስተርጓሚ ሰማሁት። ባለቤቴም ጣቶቹን ቆጠረች።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው የሚለው» አለች ስንመለስ።

እኔም በትዕግሥት አስረዳኋት። ሰውየው ሦስት ካለ የፈረንጅ ሦስት ነው። የፈረንጅ ሦስት የእኛ ዘጠኝ ነው። በሌሊቱ ዘጠኝ ማንም ጀልባ አያስነሣም፤ እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። በሰዓቱ ላይ የቀረ ጥርጣሬ የለም። እሷ በዳላዳላው መስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ «ይህ ሰውዬ ከፈረንጅ ጋር ምን አገናኘው?» አለች። ትምህርት የሌለበት አነጋገር መስሎኝ ወደ ካርታዬ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ጠዋቱን በከተማው ዞርን። እኔ ኮፍያ ገዛሁ፣ እሷ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች፤ ለአሸዋው ነው አለች። ቀትር ላይ ተነሥተን ልክ በዘጠኝ ሰዓት መንደሩ ደረስን። ውኃው ትናንት ጀልባዎቹ በደረቅ ከተጋደሙበት አልፎ የኮኮናቱን ሥር ይልሳል። ፊት ለፊት ባሕር ነው፤ ሰማያዊ፣ ሞልቶ የተረፈ፣ አንዲት ነጭ ነገር የሌለበት። ባለ ጀልባው ከቤቱ ወጥቶ ሲያየን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ምሥራቅ አዞረኝ። ፀሐይ የምትወጣበትን በጣቱ አሳይቶ ሞጃ አለ፤ ጣቱን ትንሽ ከፍ አደረገና ምቢሊ፤ ሌላ ትንሽ ከፍ አደረገና ታቱ። ጠዋት ጠብቆናል።

ያኔ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ለፈረንጅ ሲሆን በፈረንጅ ይቆጥራሉ፤ በመካከላቸው ግን ልክ እንደ እኛ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራሉ። የእነሱ ሦስት የእኛው ሦስት ነው። ከዓለም ሕዝብ ሁሉ እኛ ብቻ ነን ስንል የኖርነውን ነገር እዚህ በባዶ እግሩ የቆመ ዓሣ አጥማጅ ይዞታል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ስለዚህ ግኝት ሙሉ ቀን ባወራሁ ነበር። ደግሞም ይህ ስሕተት ምንም የማያውቅ ሰው የሚሠራው ስሕተት አይደለም፤ ስድስት መቀነስ የማይችል ሰው በሰዓቱ ይደርስ ነበር።

ባለቤቴ ግን አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀምጣ፣ የታጠበውን ነጠላ ጭኗ ላይ አጥፋ፣ ባሕሩን አየች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላናችን ነው።

«ይኸው፣ አየሁት» አለች። «እንሂድ።»

ወደ ከተማ ስንመለስ ዳላዳላው ውስጥ ካርታዬን አልዘረጋሁም። እንደዚያ እየሄድን አንድ አውሮፕላን በጣራችን ላይ ዝቅ ብሎ አለፈና በስተግራ ከአጥሩ ጀርባ አረፈ። አየሁት፣ አጥሩን አየሁት፣ መንገዱን አየሁት። አየር ማረፊያው ከመንደሩ ወደ ከተማ በሚወስደው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ሻንጣችንን ጠዋት ይዘን ከወጣን ወደ ከተማ መመለስ ምን ያስፈልገናል? ከጀልባው ወርደን በቀጥታ አየር ማረፊያ እንወርዳለን። ይኼን መስመር ጠረጴዛዬ ላይ በቀይ ያሰመርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ብድግ ብዬ፣

«ወራጅ አለ» አልኩ።

በአማርኛ ነው ያልኩት። ሾፌሩ ቆመ። ባለቤቴ የት ነው የምትወስደኝ እያለች ወረደች፤ መንገዱን አሻግሬያት በመጀመሪያው ዳላዳላ ወደ መንደሩ መለስኳት። ባለ ጀልባው ደጁ ላይ ነበር፤ ሲያየን ሳቀ። ነገ አልኩት። ውኃው ከቀን ቀን ስለሚዘገይ አሁን አራት ጣት አቆመ። ልናገር ስል ባለቤቴ ቀደመችኝ። «አንተ ቆይ፣ እኔ ልጠይቀው» ብላ ወደ ሰማይ አመለከተች። ሰውየው ፀሐይዋ የምትደርስበትን ቦታ አሳያት። እሷም ወደዚያው ቦታ ጣቷን ቀስራ አረጋገጠች። በቃ፣ ተዋዋሉ።

ማታ ልጃችን ስትደውል የነገውን ነገርኳት። በመመለሻችሁ ቀን ጀልባ ላይ ልትወጡ ነው፣ አባዬ፣ እባክህ እማዬን ስጠኝ አለች። ሰጠኋት። ባለቤቴ ብዙ አዳመጠች።

«ልጄ፣ አውሮፕላን ሁልጊዜ አለ» አለቻት። «አሸዋው ያለው ነገ ብቻ ነው።»

አውሮፕላኑ እንዳላመለጠን እዚሁ ላይ ልናገርና ልለፈው። ጊዜውን የለካሁት እኔ ነኝ፤ ሻንጣችን ላይ ቁጥር የለጠፈችው ልጅ ጫማችን ላይ ያለውን አሸዋ አይታ ፈገግ ስትል ገና የሚሳፈረው ሰው ሰልፍ ላይ ነበር።

ጠዋት ሻንጣዎቹን የባለ ጀልባው ሚስት ቤቷ አስገባችልን። ጀልባው ውኃ ውስጥ ነው የቆመው፤ መውጫ ድልድይ የለም። ባለቤቴ ዳር ላይ ቆማ ጉልበቷን ያዘች። ሚስቲቱ አየቻትና ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ከቤቷ አምጥታ ውኃው ውስጥ ተከለች። ባለቤቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በአንድ እጇ የእኔን በሌላው የሴትዮዋን ትከሻ ይዛ፣ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ከዚያ ወደ ጀልባው ተሻገረች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ተነሣ። ካንዴላው ቆሽሿል አልኩት ባለ ጀልባውን፣ ከድምፁ ነው የማውቀው። ካንዴላ የሚለውን አልሰማም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ።

መጀመሪያ የውኃው ቀለም ሳሳ። ጥቁሩ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሩቅ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ነጭ መስመር ታየ፤ ስንቀርብ ሰፋ። ሰው የለበትም። ከከተማ የሚመጡት ጀልባዎች ወደ ሌላኛው በኩል ነው የሚሄዱት፤ ይህኛውን መንደርተኛው ብቻ ያውቀዋል። ባለ ጀልባው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያዛት፣ እኔ ከኋላ ደገፍኳት፣ ባለቤቴ በባዶ እግሯ አሸዋው ላይ ወረደች።

እጃችንን ለቀቀች። ክንዴን ሳትይዝ ብቻዋን ወደ መሐሉ ሄደች፤ ቀስ እያለች፣ አሸዋው በእግሯ ጣቶች መካከል ሲወጣ እያየች። መሐሉ ላይ ደርሳ ነጠላዋን ለበሰችና ቆመች። በአራቱም በኩል ውኃ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ አጥር፣ አንድ መኪና አይታይም። ቀስ ብላ በቆመችበት ዞረች፤ ሁሉንም አቅጣጫ በተራ አየችው።

እኔ አጠገቧ ሄጄ ማስረዳት ጀመርኩ። ውኃውን የምትስበው ጨረቃ መሆኗን፣ ማታ ማታ ሬዲዮ ላይ የሰማሁትን፣ አሰብ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳላየሁ፣ የአሰቡ ባሕር...

«አንተ ሰውዬ» አለች ሳትዞር፣ «ዝም በል፤ ልየው።»

ዝም አልኩ። ብዙ ነገር ለራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይኼኛውን ግን እዚያ አሸዋ ላይ ነው የጀመርኩት፤ እንደ ጀማሪም መጥፎ አልነበርኩም። ባለ ጀልባው ከሩቅ ሲያፏጭልን አልመለስኩለትም። ውኃው ከዳርና ከዳር እየተሳበ መጣ፤ አሸዋው ጠበበ። መጀመሪያ የእኔን ጫማ ነካው፤ ቀጥሎ የእሷን እግር። ወደ ታች አየችው፣ ሳቀች፣ እጇንም ዘረጋችልኝ።